“አያቴን የገደልኳት እኔ ነኝ እንዴ?” ታናናሾቻችን በወረርሽኝ ጊዜ ምን ያስባሉ?

በእንዲህ ዓይነት መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ እናንተው ነው፤ ስለ ጓደኛ ግፊት፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ ፍቅር። ዛሬ ግን ስለ ታናናሾቻችሁ ላውራችሁ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ አብሯችሁ የሚኖር፣ እሱም ከሌለ ደብተሩን ይዞ እየመጣ “የቤት ሥራ አሳዩኝ” የሚል የጎረቤት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ነገሩ ይመለከታችኋል።

እኔ በሶሲዮሎጂ ተመርቄ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ነው የምተዳደረው። ሥራዬ በየቤቱ መዞር ነው ማለት ይቻላል። ቤት ስገባ ቡና ይፈላል፣ ትልልቆቹ ችግራቸውን ይነግሩኛል፣ ልጆቹ ደግሞ “ውጡና ተጫወቱ” ይባላሉ። ይወጣሉ እንጂ ርቀው አይሄዱም። በር ሥር ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ግማሹን ይሰማሉ፣ ያልሰሙትን ግማሽ ራሳቸው ይሞሉታል። በሽታ አገር ላይ ሲገባ ልጆችን ክፉኛ የሚጎዳቸው ይህ ራሳቸው የሚሞሉት ግማሽ ነው። በጣም የከበዳቸውን ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ እናትና አባትን አይደለም። ማታ አብሯቸው የሚተኛውን፣ ማለትም እናንተን ነው።

እናንተም ያኔ ልጆች ነበራችሁ

እስኪ ወደ 2012 ዓ.ም. እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። አብዛኞቻችሁ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበራችሁ። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቤቴ የገባሁት ያን ሰሞን ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ። በየቀኑ የጤና ሚኒስትሯ የዶ/ር ሊያ ታደሰ መግለጫ ይወጣል፤ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ። ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነው።

ለትልቅ ሰው ይህ ሁሉ መመሪያ ነበር። ለልጅ ግን ሌላ ነው። በየእሁዱ ጉንጩን እያገላበጠች የምትስመው አክስቱ ደጅ ቆማ እጇን አውለብልባ ስትመለስ፣ እሱ ስለ ቫይረስ አያስብም፤ “ምን አድርጌያት ነው?” ብሎ ነው የሚያስበው። ትዝ ካላችሁ እናንተም እንዲህ ያለ ጥያቄ በሆዳችሁ ይዛችሁ ከርማችሁ ይሆናል።

ወረርሽኝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ “ኅዳር ሲታጠን” የምንለው ከዚያ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይነገራል። ጭሱ እስከ ዛሬ አለ፣ ወሬው ግን ጠፍቷል፤ ስንቶቻችሁ ናችሁ ለምን እንደሚታጠን ቤታችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ የነገራችሁ ሰው ያለ? በኅዳር 2018 ደግሞ (ምን ዓይነት ወር ነው ያሰኛል) የማርበርግ በሽታ ጂንካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን መገኘቱ ተረጋገጠ። የበሽታው ስም ይለዋወጣል። በር ሥር የሚቀመጡት ልጆች ግን ሁልጊዜ አሉ።

ልጅ በምን ያስባል?

አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው አይገባውም። ቀብር ተመልሶ፣ ለቅሶው ተነሥቶ፣ “እሺ አሁን መቼ ነው የምትመጣው?” ብሎ ይጠይቃል። ነገ ደግሞ ያንኑ ይጠይቃል። ይህ ቂልነት ወይም ድርቅና አይደለም፤ ነገሩን በጥቂት በጥቂቱ እያኘከው ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላም ነገር አለ። ልጅ የሁሉም ነገር መነሻ ራሱ ይመስለዋል። ወጡን ስለደፋ፣ እናቱን “አልወድሽም” ስላላት፣ ለመተኛት እምቢ ስላለ እናቱ የታመመች ይመስለዋል። ዘጠኝ አሥር ዓመት አካባቢ ሲደርስ ሞት ምን እንደሆነ እንደ ትልቅ ሰው መረዳት ይጀምራል። ያኔም ቢሆን ከሬዲዮ የሰማውና ከጓደኛው የሰማው ጭንቅላቱ ውስጥ ተደባልቆ ይኖራል።

ልጅ ደግሞ “ፈርቻለሁ” አይልም። “ሆዴን” ነው የሚለው። ሐኪም ሆዱን አይቶ ምንም ያጣበታል። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ይጀምራል። ጥፍሩን ይበላል፣ የእናቱን ቀሚስ አልለቅም ይላል፣ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል፣ ወይም ደግሞ ድንገት ተደባዳቢ ይሆናል።

ታዲያ እኛ ሰፈር ምን ይደረጋል? “ሽንታም” ይባላል። አንዳንድ ቤት ፍራሹ ጎረቤት ሁሉ እንዲያየው ደጅ ይሰጣል፣ ይህ ደግሞ እንዲያፍርና እንዲተው ነው ይባላል። አያስተውም! የፈራን ልጅ ሌላ ፍርሃት ጨምሮ ማዳን አይቻልም። አንሶላውን ዝም ብላችሁ ቀይሩለት። ጠዋት ለጓደኞቹ አታውሩበት። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት አብራችሁት ሂዱ። በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ግን እናንተ ካላደረጋችሁት ማንም ላያደርገው ይችላል።

የማውቀው አንድ ቤት

ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልጠቅስም። በኮሮናው ጊዜ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ነበር። አያቱ አብራቸው ትኖር ነበር። ያን ሰሞን ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚባለው “አትጠጋት፣ አያትህን ትገድላታለህ” ነው። እሱ ግን አንድ ቀን ማንም ሳያየው ገብቶ ጉልበቷን ስሞ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ አያት ሆስፒታል ገባች፣ አልተመለሰችም። ሊነጋጋ ሲል መርዶ ሲመጣ እሱን ጎረቤት ቤት ወሰዱት። ሲመለስ “አያትህ አገር ቤት ሄዳለች” አሉት። ጋቢዋ ታጥቦ ተጣጥፎ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። አገር ቤት የምትሄድ አያት ጋቢዋን ትታ እንደማትሄድ የስምንት ዓመት ልጅ አያጣውም።

እኔ ያንን ቤት ያወቅሁት ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ልጁ ሰው አይጨብጥም። እንግዳ ሲመጣ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላ ያደርጋል። ቤተሰቡ “ኩራቱ ነው”፣ “ዱርዬ ሆነ” ይላሉ። ነገሩን ያወጣችው እናት አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እህቱ ናት። ልብስ እያጠበች እሱ ውሃ እየቀዳላት፣ እንዲያው እንደ ዋዛ “አያታችን ትናፍቅሃለች?” አለችው። ዝም አለ። እሷም ዝም ብላ ማጠቧን ቀጠለች፤ አላጣደፈችውም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው “አያቴን የገደልኳት እኔ ነኝ እንዴ?” ያላት።

አያት የሞተችው ለዓመታት በቆየባት የኩላሊት በሽታ ነበር። ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። እህቱ የሆስፒታሉን ወረቀት ከሣጥኑ አውጥታ አብራው አነበበች። “እሷን የጎዳት አንተ ሳትወለድ የጀመረ በሽታ ነው፤ አንተ የሳምካት ስለምትወዳት ነው” አለችው። በአንድ ቀን አልዳነም፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይድንም። ግን ወራት ቆይቶ እኔን በጡጫ ሰላም ማለት ጀመረ።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። አያትን ለመጠበቅ ነው ያሉት። ነገር ግን “ትገድላታለህ” የሚለውን ቃል የስምንት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ መጫን ልክ ነው ብዬ አላምንም። አያት በእርግጥ በኮሮና ሞታ ቢሆንስ? ያኔም ቢሆን ልጅ አልገደላትም፤ በሽታ ነው የገደላት። “አያታችን ቶሎ እንድትጠነክር ለጊዜው ከሩቅ ነው ሰላም የምንላት” ቢባል መልእክቱ ያው ነው፣ ሸክሙ ግን የለበትም።

ምን ብላችሁ ትነግሩታላችሁ?

ከመንገራችሁ በፊት ጠይቁት። “ስለዚህ በሽታ ምን ሰማህ?” በሉት። መልሱ ያስደነግጣችሁ ይሆናል፤ አንዲት ልጅ “ኮሮና ማታ በመስኮት ይገባል” ብላኝ ታውቃለች፣ ለዚህም ነው ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣችው። የሚያስፈራውን ነገር ሳታውቁት ልታጽናኑት ብትሞክሩ ስለ ሌላ ነገር ነው የምታወሩት። ከዚያ እውነቱን በእሱ መጠን ንገሩት። በጣም ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ፦

“እማዬ ትሞታለች እንዴ?”

“እማዬ አሁን ታማለች፣ ሐኪሞቹም እያከሟት ነው። እንዴት እንዳደረች ጠዋት ደውለን እንሰማለን፣ የሚሉንን ላንተም እነግርሃለሁ።”

“እኔ ስላስቸገርኳት ነው?”

“አይደለም። ሰው በማስቸገር አይታመምም። በዓይን የማይታይ ጀርም ገብቶባት ነው።”

አያችሁ? “አትሞትም!” አላልንም። እውነቱን ለመናገር አፍ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ነገር ግን እናቲቱ ከሞተች ልጁ እናቱን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ያጣል፤ ከዚያ ወዲህ የምትሉትን አያምንም። “አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ” ማለት ሙሉ መልስ ነው፣ ጠይቃችሁ እስከተመለሳችሁ ድረስ። ጠዋት እንደውላለን ካላችሁት ደግሞ ጠዋት ደውሉ።

ሞት ከመጣ ቃሉን በስሙ ጥሩት። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለሞት ብዙ የክብር ቃል አለን፤ “አረፈ” እንላለን፣ “አሸለበ” እንላለን። ለትልቅ ሰው ያጽናናል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን “አያትህ አሸለበች” ሲባል እሱም ማታ ማሸለብ ይፈራል። “ውጭ አገር ሄዷል” የተባለለት ልጅ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይሮጣል። “አባዬ ሞተ። ሰውነቱ መሥራት አቆመ፣ አያመውም፣ አይመለስም። እኛ ግን አብረንህ ነን” ማለት ይከብዳል፤ ከዚህ የቀለለ መንገድ ግን እኔ አላገኘሁም። ለቅሶው ላይ መቀመጥ ከፈለገ አንድ ሰው እጁን ይዞት ይቀመጥ። ካልፈለገ አይገደድ።

ልጆች እቃ እቃ ሲጫወቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በወረርሽኝ ጊዜ ጨዋታው ይለወጣል። አንዷ ነርስ ትሆናለች፣ አንዱ ታሞ ይጋደማል፣ ሌላው “ሞቷል” ብሎ ነጠላ ያለብሰዋል። ትልቅ ሰው ሲያይ “አታሟርቱ!” ብሎ ይበትናቸዋል። ባይበትናቸው እመርጣለሁ። ትልቅ ሰው በወሬ የሚያወጣውን ልጅ በጨዋታ ነው የሚያወጣው። ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ማን ምን እንደሆነ፣ ታማሚው ይድን እንደሆነ ጠይቁ። ለሳምንታት ያንኑ ብቻ ከተጫወተና ጨዋታው ሁልጊዜ በሞት የሚያልቅ ከሆነ ግን ለትልቅ ሰው መንገር ያስፈልጋል።

ሌላው ሥራ ስጡት። ሃይላንድ በስታችሁ የእጅ መታጠቢያ ካደረጋችሁ ውሃ መሙላቱ የእሱ ይሁን። የሚሠራው ነገር ያለው ልጅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። የሚተኛበትና የሚነሣበት ሰዓት ደግሞ ትምህርት ቤት ቢዘጋም አይለዋወጥ። ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን የቴሌግራም ድምፅና ቪዲዮም እሱ ባለበት አትክፈቱት፤ ነገሩ እውነት ይሁን ውሸት ገና እናንተም አላጣራችሁትም።

ፊት የሌለው ሐኪም

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን የመታው ኢቦላ ከ28,600 በላይ ሰዎችን ይዞ ከ11,300 በላይ ገድሏል። ትምህርት ቤቶችም ለወራት ተዘግተው ነበር። ልጆቹ ያዩትን አስቡት። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የተሸፈኑ፣ ዓይናቸው በመነጽር የተጋረደ ሰዎች መጥተው እናትን ይዘው ይሄዳሉ። ላይቤሪያ ውስጥ ሜሪ ቤት ሄፈርናን የምትባል አሜሪካዊት አርቲስት የሐኪሞቹንና የነርሶቹን ፈገግ ያለ ፎቶግራፍ አትማ በመከላከያ ልብሳቸው ደረት ላይ እንዲለጥፉት አደረገች። ታማሚው ቢያንስ ከዚያ ልብስ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ አየ። ከዚህም ሌላ ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ልጆች በማቆያ ቤት እንዲንከባከቡ የተደረጉት ከኢቦላ የዳኑ ሰዎች ነበሩ፤ በሽታውን የመቋቋም አቅም ስላዳበሩ ሌላው ሰው የማይችለውን፣ ልጅን ማቀፍ፣ እነሱ ይችሉ ነበር።

በእኛም ቤት ይኼው ይሠራል። ማስክ የምታደርጉ ከሆነ መጀመሪያ ፊታችሁን ከሩቅ አሳዩት፣ ከዚያ እያያችሁ አድርጉት። ተለይቶ የተኛ ሰው ካለ በመስኮት ወይም በስልክ ድምፁን ያሰማው። ልጁ ሥዕል ሥሎ በበሩ ሥር ይላክለት።

ዝም የተባለበት ሌላ በሽታ

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። በሬዲዮ ወረርሽኝ ሳይታወጅ በር ሥር ተቀምጠው የሚሰሙ ልጆች ያሉባቸው ቤቶች አሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ እናትን በጤና እያኖረ፣ ብልቃጡ ግን ዛሬም በየቁምሳጥኑ ይደበቃል። ክኒኑ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፣ “ቪታሚን ነው” ይባላል። ልጅ ቪታሚን ተደብቆ እንደማይዋጥ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች የራሳቸውንም ሆነ የወላጆቻቸውን ሁኔታ እንዲያውቁ ይመክራል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ። ይህን መንገር የእናንተ ሥራ አይደለም። የሰው የደም ውጤት የባለቤቱ ነው፤ የሚነግሩት ወላጆች ናቸው፣ የጤና ባለሙያ እያገዛቸው። ታናሽ ወንድማችሁ “እማዬ የምትውጠው ምንድን ነው?” ካላችሁ “እኔ የምነግርህ ነገር አይደለም፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አብረን እሷን እንጠይቃት” በሉት። ለእናታችሁም ለብቻዋ “ጠይቋል፣ ማወቅ ጀምሯል” ብላችሁ ንገሯት።

ስድብንም ልጆች ከእኛ ነው የሚማሩት። በመጋቢት 2012 አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ሲያልፍ “ኮሮና! ኮሮና!” እየተባለ ይሰደብ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት እናቱ ኤች አይ ቪ አለባት የተባለ ልጅ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት “አንተ አትገባም” ይባል ነበር። “አንተ አትገባም” ያለው ልጅ ቃሉን ከራሱ አላመጣውም።

መቼ ነው ከእናንተ አቅም በላይ የሚሆነው?

ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ በደንብ ካልበላ፣ ካልተኛ፣ ከሰው ሁሉ ከራቀ፣ ወይም ያልነበረበት መንተባተብ ከጀመረው ለወላጅ ንገሩና ጤና ጣቢያ ይሂድ። “መሞት እፈልጋለሁ” ወይም “ከአያቴ ጋር ልሂድ” ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው፣ እስከዚያም ብቻውን አይተው። ወላጅ ካልሰማችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የምታምኑትን መምህር ወይም የወረዳችሁን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አነጋግሩ። እናንተም ብትሆኑ ገና ልጆች ናችሁ፤ የቤቱን ሐዘን ሁሉ ተሸከሙ አልተባላችሁም። የራሳችሁ እንቅልፍ ከጠፋ ስለ ራሳችሁም መናገር ትችላላችሁ።

ብዙ ወጣቶች “ጤና ጣቢያ ሄጄ ምን እላለሁ?” ይሉኛል። የበሽታ ስም ማወቅ አያስፈልግም። “ታናሽ ወንድሜ አያታችን ከሞተች ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ሌሊት አይተኛም፣ ምግብም አይበላም” ብሎ መጀመር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቋችሁ እነሱ ናቸው።